የሰበታው ሀሰኖና የኦቦ ገርባ ሬዲዮ

ሰበታ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ለሁለት የተከፈለች አንዲት ጠባብ ሱቅ አለች። በግራ በኩል ራያ ሞባይል ትጠግናለች። በቀኝ በኩል አባቷ ሀሰኖ ሬዲዮ፣ ቴፕ፣ ቴሌቪዥንና ሌላ ሠሪ እምቢ ያለውን ዕቃ ሁሉ ይሠራል። ግማሹ ሱቅ ወደ ልጁ የዞረው በስምምነት ነው ይላል ሀሰኖ። ራያ ግን፣ "የምን ስምምነት? ደንበኛው ነው የወሰነው" ትላለች። እውነቷን ነው፤ ሰው በግራ በኩል ተሰልፎ፣ በቀኝ በኩል ያለችውን ወንበር የሚፈልጋት እግሩን ለማሳረፍ ብቻ ነው።

ሀሰኖ ስድሳን የተሻገረ፣ አጠር ብሎ ትከሻው የሰፋ፣ መነጽሩን በክር አስሮ ደረቱ ላይ የሚያንጠለጥል ሰው ነው። ዘመዶቹ በሙሉ ነጋዴዎች ናቸው፤ ጨርቅ፣ ቅመም፣ ብረታ ብረት። ከዚያ ሁሉ ዘር እሱ ብቻ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ወጥቶ ካውያ ጨበጠ። አባቱ እስኪሞቱ ድረስ ለእንግዳ ሲያስተዋውቁት፣ "ይሄኛው የሰው ዕቃ ይፈታል፤ መልሶ ይገጥመው እንደሆን እንጃ" ይሉ ነበር።

ግን ይገጥማል። የሥራ ደንብም አለው። አሮጌ ሬዲዮ ሲመጣለት ቀድሞ የሚመረምረው በአፍንጫው ነው። የተቃጠለ ትራንስፎርመር የራሱ ሽታ አለው፣ አይጥ የከረመበትም የራሱ አለው። ካሸተተ በኋላ ይፈታል፤ ከፈታ በኋላ በብሩሽ ያጸዳል። ኤሌክትሪክ የሚያሳየው መጨረሻ ላይ ነው፤ እሱንም በቀጥታ አይለቅበትም፣ መሀል ላይ አንድ አምፖል ያስገባል። ውስጥ የተነካካ ሽቦ ካለ አምፖሉ ቦግ ይላል፣ ዕቃው ይተርፋል። ጤነኛ ከሆነ አምፖሉ ፈዝዞ ይቀራል። ይህን ሁሉ ሳያደርግ ስለ ዕቃው አንዲት ቃል አይተነፍስም። "ያልፈታሁትን አልጠራም" ይላል። ደንበኛ ቸኩሎ "ምን ሆኖ ነው ጋሼ?" ሲለው፣ "እኔ አላውቅም፣ አንተም አታውቅም፤ ለጊዜው እኩል ነን" ብሎ ይሸኘዋል።

ይህን ደንብ የጣሰው አንድ ዓርብ ቀን ነው።

ለጁምዓ ሊወጣ ውዱኡን ጨርሶ፣ አንድ እግሩ ከደጃፉ ውጭ ሲሆን፣ አንዲት ጠና ያለች ሴት ከባድ ማዳበሪያ አቅፋ ገባች። ላብ አጥምቋታል።

"አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ሀሰኖ? ሊቤ እባላለሁ። ከሱሉልታ ነው የመጣሁት።"

"ነጋ፣ ነጋ። ከሱሉልታ ድረስ? እዚያ ሠሪ ጠፋ?"

"ሠሪማ ሞልቷል፤ ሲያዩት ይስቃሉ። አንዱ እንዲያውም 'ውስጡ ውድ ቀይ ሜርኩሪ አለው፣ ልስበረውና ሸጠን እንካፈል' አለኝ።"

"ጭንቅላቱን ይስበር! እስቲ አሳዪኝ።"

የማዳበሪያውን አፍ ገለጠችለት። ሻንጣ የሚያህል የብረት ሣጥን ነው። ግራና ቀኝ መያዣ አለው፤ በጠመዝማዛ ሽቦ የተያያዘ የእጅ ማይክ ተንጠልጥሎበታል፤ አረንጓዴ ነው። ሀሰኖ ያን አረንጓዴ ያውቀዋል። በሰማንያ ሦስት ወታደሩ ሲበተን፣ ምናለሽ ተራ እንዲህ ያለ ዕቃ እንደ ድንች በኪሎ ይሸጥ ነበር፤ ለመለዋወጫ ብሎ ስንቱን ገዝቶ አፍርሶታል። ዓይኑ ለእጁ አልቆየለትም።

"የጦር ሠራዊት ነው" አላት እየወጣ። "የሚሰማም የሚያወራም። ሰግጄ ስመለስ አየዋለሁ።"

ሲመለስ ሊቤ በደንበኛ ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች። ማዳበሪያው ከነበረበት አልተነቃነቀም። ራያ ሥራዋን ትታ አጠገቧ ቆማለች፤ አንድ ብርጭቆ ውኃ አስጨብጣታለች።

"አባ፣ ምን አልካት?" አለች ራያ።

"ምን አልኳት? ምን እንደሆነ ነገርኳታ።"

"ኦቦ ሀሰኖ፣" አለች ሊቤ ቀና ብላ፣ "እርግጠኛ ነዎት?"

ከዚያ ታሪኩን ነገረችው። አባቷ ኦቦ ገርባ የመንገድ ሥራ ካምፕ ሠራተኛ ነበሩ። ከሱሉልታ ወጣ ብሎ፣ በጎጃም መንገድ ላይ፣ ካምፑ ጥግ በሰጧቸው ቤት ይኖሩ ነበር። በየጠዋቱ በር ዘግተው ከአንድ ሣጥን ጋር ያወራሉ። ማን ጋር ሲባሉ፣ "ሥራዬ ነው" ብቻ ነው መልሳቸው። ወጣት እየታፈሰ የሚወሰድበት ያ ክፉ ዘመን ሲመጣ፣ ከመንደሩ ሁለት ልጆች ተወስደው በዚያው ቀሩ። መንደርተኛው ምክንያት ፈለገ፤ ሩቅም አልሄደ። "ገርባ ጠዋት በሣጥን ያወራል፤ ማታ ልጅ ይወሰዳል" ተባለ።

"እኔና ወንድሜ ዋቆ ስማችን ጠፋ" አለች ሊቤ። "የጆሮ ጠቢ ልጆች ነበር የምንባለው። ውኃ ስንቀዳ ወረፋችን ይዘለላል። ዋቆን ትምህርት ቤት ደብድበው አስወጡት። አባቴን 'እውነት ነው ወይ?' ብሎ ቢጠይቀው 'ሥራዬ ነው' አለው። ዋቆ ጥሎ ዱከም ገባ። አሁን አይሱዙ አለው፣ ሰው ሆኗል። ግን አባቴ ቤት ተመልሶ አልገባም። ለቀብሩ እንኳ እንደ ሩቅ ጎረቤት ቆሞ ነው የሄደው።"

"ዕቃው እስካሁን የት ነበር?"

"ቆጥ ላይ። ቤቱን ልናፈርስ ስንል ነው ያገኘሁት። ዋቆ ለቆራሌው ስጪው አለኝ። እኔ ግን... ምናልባት የሚሰማ ብቻ ቢሆንስ አልኩ። ዜና የሚሰማበት። እንዲያ ከሆነ ወሬው ሁሉ ሐሰት ነው ብዬ።" ብርጭቆውን በሁለት እጇ ያዘችው። "እርስዎ ሲሰግዱ ደወልኩለት። ባለሙያው የጦር ነው፣ ያወራል አለ አልኩት። 'ነግሬሽ ነበር' አለኝና ዘጋው። እሑድ መኪናውን ይዞ ይመጣል፤ ሣጥኑንም ቤቱንም አንድ ላይ ሊገላገል።"

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ሀሰኖ ማዳበሪያውን በእግሩ ገፋ አድርጎ ወደ ራሱ ጠረጴዛ አስጠጋው።

"ስሚኝ ሊቤ። ያልፈታሁትን ነው የጠራሁት። ዕቃውን ተዪልኝና ቤትሽ ግቢ። ከእሑድ በፊት እደውልልሻለሁ።"

"ምን ሊሉኝ?"

"የሆነውን። ክፉ ከሆነም ክፉውን።"

እሷ እንደወጣች ራያ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። "አባ፣ አንድ ቴፕ ለማየት ሳምንት የምታስጠብቅ ሰውዬ፣ በአንድ እግርህ ቆመህ በሞተ ሰው ፈረድክ።"

"አውቃለሁ።"

"አውቃለሁ አይበቃም።"

"እሺ። ካቻቢቴውን አቀብዪኝ።"

ክዳኑን ሲያነሣ አፍንጫውን አስቀደመ። የምድጃ ጭስ፣ አቧራ፣ ትንሽ የአይጥ ሽታ። የተቃጠለ ነገር የለም። ውስጡ በሰም የተነከሩ ሽቦዎች በክር እየታሰሩ፣ እንደ ሹሩባ ተስተካክለው ተዘርግተዋል። የመስታወት አምፖል የሚመስሉት ቫልቮች በተርታ ቆመዋል፤ ረዣዥሙ ከኋላ፣ አጫጭሩ ከፊት፤ ልክ የክፍል ተማሪዎች ፎቶ።

"እነዚህ አምፖሎች ለምንድን ናቸው?" አለች ራያ በትከሻው ላይ አጎንብሳ።

"አምፖል አይደሉም፤ ሬዲዮው እነሱ ናቸው። በያዝሽው ስልክ ውስጥ አሸዋ በሚመስል ነገር ላይ እልፍ ጊዜ የተደረደረ ጥቃቅን ነገር አለ፤ የዚያ አያቱ ይሄ ነው። ይሞቃል፣ ይቀላል፣ ከዚያ ይሠራል። እንደ ሰው ቁርስ ይፈልጋል።"

ለስላሳውን ብሩሽ አንሥቶ አቧራውን ሲጠርግ አንድ ነገር ቅር አለው። ምናለሽ ተራ የገዛቸው የጦር ሬዲዮዎች ሁሉ መስመር የሚፈለግበት መዘውር ነበራቸው፤ ወታደር ከቦታ ቦታ ይዞራል፣ መስመሩንም ይቀያይራል። ይሄኛው መዘውር የለውም። ማብሪያና ማጥፊያ፣ ድምፅ መጨመሪያና መቀነሻ፣ በቃ። የፋብሪካው ሰሌዳ ደግሞ በቀለም ተሸፍኗል። ፍቆ ያወጣው ስም በዘመኑ አይቶት የማያውቀው የውጭ ስም ነው።

ራያ ሣጥኑን ከፊት ከኋላ ፎቶ አንሥታ፣ የድሮ ዕቃ ወዳጆች በሚሰባሰቡበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፈችው። "ይህን የሚያውቅ?" ብላ። መልሱ ወዲያው ጎረፈ፤ እሷም እየሳቀች ታነብለት ጀመር።

"'የታንክ ሬዲዮ ነው' ይላል አንዱ። 'የንጉሡ ዘመን የስለላ ዕቃ ነው።' ይሄኛው ደግሞ፣ 'ሜርኩሪ ካለው በውስጥ መስመር አናግሪኝ።' ይሄ፣ 'እናቴ ቤት እንደዚህ ያለ ፍሪጅ ነበር።'"

"ሰው ሁሉ ለጁምዓ ቸኩሏል ማለት ነው" አለ ሀሰኖ ቀና ሳይል።

ከኋላ በኩል፣ በአንድ ብሎን የተያዘች ትንሽ ክዳን አገኘ። ፈታት። ከውስጧ ጥፍር የሚያካክሉ ሁለት የብረት ጣሳዎች ጎን ለጎን ተሰክተዋል። አንዱን በፒንሳ ሳብ አድርጎ ወደ ብርሃን ያዘው፤ ጎኑ ላይ ቁጥር ተቀርጿል። መነጽሩን አደረገ፣ አነበበ፣ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ።

"ራያ፣ ነይ እዪ። ክሪስታል ይባላል። ውስጡ ያለው ድንጋይ ነው፤ ተልጎ ተልጎ እንደ ወረቀት የሳሳ። ኤሌክትሪክ ሲነካው በአንድ ልክ ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው፤ ልኩ እዚህ ተጽፏል። አንዱ የመስሚያ፣ አንዱ የማውሪያ። ይሄ ሣጥን ከዚህ ቁጥር ውጭ አፍ የለውም።"

ራያ ትንሽ አሰበች። "ስለዚህ በዚህ ቁጥር ላይ ማን ያዳምጥ እንደነበር ካወቅን..."

"ገርባ ለማን ሲያወራ እንደኖረ እናውቃለን።"

ቁጥሩን ግን ማን ያውቃል? ሀሰኖ የሚያውቃቸውን አሮጌ ሠሪዎች ሁሉ ደወለላቸው። ግማሾቹ ሞተዋል፤ የቀሩት ስለ ጉልበታቸው ሕመም ነገሩት።

ቅዳሜ ጠዋት ሱቁን እንደከፈተ ወደ ቀለሙ ዞረ። ጥጥ በቲነር ነክሮ አንዱን ጎን ማሸት ያዘ። አረንጓዴው ውስጥ አንድ ጸጉር ተጣብቆ ቀርቷል፤ የብሩሽ ጸጉር። ሀሰኖ ለራሱ ሳቀ። ፋብሪካ በብሩሽ አይቀባም። ሠራዊትም ቢሆን ይረጫል እንጂ እንደ ግድግዳ አይለቀልቅም። አረንጓዴው ሲለቅ ከሥሩ ጥሩ፣ ልስልስ ያለ ግራጫ ብቅ አለ። ግራጫው ላይ በነጭ የተጻፈ ቁጥር አለ፤ ሰባት።

ፎቶውን ለሊቤ ላከላት፤ ደወለላትም።

"ኦቦ ሀሰኖ!" አለች ገና ሳይጠይቃት። "ይሄማ የአጥራችን በር ነው!"

"የምን በር?"

"ቀለሙ! አባቴ አንድ ጊዜ አንድ ባልዲ ቀለም ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ በሩን ቀባ፣ አልጋውን ቀባ፣ የዶሮውን ቤት ቀባ። የቀረውን እንዳይደርቅ ብሎ ወንበሮቹን ቀባ። እናቴ 'ዋ፣ እኔን ደግሞ እንዳትነካኝ' እያለች ብሩሹን ይዞ ሲያባርራት ትዝ ይለኛል።" ሳቀች፤ ሳቋ ስልኩን አልፎ ሱቁን ሞላው። ራያም ምኑንም ሳትሰማ አብራ ሳቀች። ከዚያ ሊቤ ዝግ አለች። "ታዲያ የጦር አይደለም ማለት ነው?"

ሀሰኖ ትናንትናን አልረሳም። "ቀለሙ የጦር አይደለም። ስለ ሬዲዮው ገና አልጨረስኩም።"

"ኤዬ፣ እሺ" አለች ቀስ ብላ። "በግራጫም ክፉ ማውራት ይቻላል።"

መልሱ የመጣው ቀን ላይ፣ ከዚያው ከሳቁበት ቴሌግራም ነው። ኢየሩስ የምትባል ሴት ጽፋ ነበር። ራያ አነበበችለት። "'አባቴ ፎቶውን ሳሳየው ከተኛበት ተነሣ። የመንገድ ሥራ መሥሪያ ቤት የሬዲዮ ሠራተኛ ነበር። ስሙ ፈቀደ ነው፤ ቡራዩ ነው ያለነው። ከኋላ፣ ክዳኑ ሥር፣ ክሪስታሉ ላይ ያለው ቁጥር ስንት ነው ይላል።'" ጣቷ ወዲያው ወደ መጻፊያው ሄደ።

"አትንገሪያት!" ሀሰኖ ካውያውን ጣል አድርጎ ተነሣ። "እኛ ከነገርናቸው 'አዎ እሱ ነው' ይሉናል፤ ሽማግሌ ሰውን ደስ ማሰኘት ይወዳል። ራሳቸው ይንገሩን።"

ራያ እንደዚያው ጻፈች። ጥቂት ቆይቶ አባትየው በቃላቸው ያስጻፉት ቁጥር መጣ። ሀሰኖ ክሪስታሉን በአንድ እጁ፣ የልጁን ስልክ በሌላው ይዞ አሃዞቹን አንድ በአንድ አመሳከረ። አንዱም አልተዛነፈም።

"ሱቁን ዝጊ" አላት።

"ደንበኞቼስ?"

"ነገ ስልካቸው አይሻልም፣ አይብስም። ዝጊ።"

አባትና ልጅ ማዳበሪያውን በመሀላቸው አድርገው፣ በአየር ጤና በኩል ሚኒባስ እየቀያየሩ ቡራዩ ደረሱ። ሊቤም ተደውሎላት በአዲሱ ገበያ ዞራ ቀድማቸዋለች። ጋሽ ፈቀደ ረጅም፣ ከሲታ፣ ድሮ ከከምባታ ለሥራ ወጥተው በዚያው የቀሩ ሽማግሌ ናቸው። በሌሊት ልብሳቸው ላይ ለቤተ ክርስቲያን የሚለብሱትን ኮት ደርበዋል። "ከመሥሪያ ቤት እንግዳ ይመጣል ብሎ እኮ ነው" አለች ልጃቸው እያፈረች።

ሀሰኖ ሣጥኑን ያስቀመጠው አረንጓዴውን ጎን ወደ እሳቸው አዙሮ ነው። ሰባት ቁጥሩ ወደ ግድግዳው ነው። ሽማግሌው ማይኩን አነሡ፣ በመዳፋቸው ጠረጉት፣ አፍንጫቸው ላይ ይዘው አሸተቱት። ሀሰኖ እዚያው ወደዳቸው።

"የማን ነበረ?" አሉ።

"እርስዎ ይንገሩን ጋሽ ፈቀደ" አለ ሀሰኖ። "የተገኘው ሱሉልታ ነው።"

"ሱሉልታ ከሆነ ሰባት ነው። ሰባት ቁጥር።" ወደ ሊቤ ዞሩ። "አንቺ የሰባት ልጅ ነሽ?"

ሊቤ አፏን በነጠላዋ ያዘች። "አባቴን ያውቁታል?"

"መልኩን አይቼው አላውቅም። ድምፁን ግን ከወንድሜ ድምፅ ለይቼ አውቀዋለሁ። በየጠዋቱ ከማዕከሉ ሆኜ ካምፖቹን በተራ እጠራለሁ። ሰባትን ስጠራ መጀመሪያ ይስላል። ጉሮሮውን ሳያጠራ ተናግሮ አያውቅም። ከዚያ 'አካም ቡልቴ፣ ማዕከል' ይለኛል። እኔ ኦሮምኛ የለመድኩት ከእሱ ነው። አሁንም በሕይወት አለ?"

"አርፏል። ሦስት ዓመት ሆነው።"

ሽማግሌው ማይኩን ቀስ ብለው አስቀመጡት። "ጌታ ነፍሱን ይማር። ማንም አልነገረን።"

ሊቤ ልትጠይቀው የመጣችውን ፈርታ ነጠላዋን ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች። ሀሰኖ ሊያግዛት አስቦ ተወው፤ የእሷ ጥያቄ ነው።

"ምን ነበር የሚለው?" አለች በመጨረሻ። "በየጠዋቱ። የሰው ስም ይናገር ነበር?"

ጋሽ ፈቀደ ጥያቄውን አልተጣደፉበትም። ዘመኑን ኖረውበታል፤ ለምን እንደተጠየቁ ገብቷቸዋል።

"ልጄ፣ አባትሽ የሚያወራው ስለ ዝናብ ነው። 'ጭጋግ ወርዷል፣ ሾፌሮች በቀስታ ይንዱ። ከዳገቱ ድንጋይ ተንከባሎ ግማሹን መንገድ ይዟል። ጎርፍ ድልድዩን ነክቶታል፣ ግሬደር ላኩ።' ይሄ ነው። የሰው ስም የሚጠራው መኪና ሲፈልግለት ነው፤ የታመመ፣ ምጥ የጠናባት።"

"ጋሽ ፈቀደ፣ ልድፈርዎትና፣" አለ ሀሰኖ፣ "ከእናንተ ሌላ በዚህ መስመር የሚገባ አልነበረም? ደኅንነት? ፖሊስ?"

"እነሱማ የራሳቸው ነበራቸው። በኛ መስመር ቢገቡ ካምፑ ሁሉ ይሰማቸዋል፤ አንዱ ሲያወራ ሌላው ሁሉ ያዳምጣል። ሚስጥር ያለው ሰው በዚያ ላይ አያወራም። ደግሞ ማን ይፈልገዋል የኛን ወሬ? ጭቃና ድንጋይ!" ሳቁ፣ ሳል መጣባቸው። "ካምፑ ሲዘጋ 'ንብረቱን ጠብቁ፣ መኪና ይመጣል' ተብሎ ለሁሉም ተነገረ። የመጣ መኪና የለም። እሱ እስካሁን ጠብቆልናል በይኛ።"

ቀለሙ አሁን ለሀሰኖ ገባው። የመንግሥት ንብረት በእጁ ያለ ሰው፣ ዕቃው እንዳይዝግ ያገኘውን ቀብቶታል።

ሊቤ ወደ ሀሰኖ ዞረች። "እርስዎስ ምን ይላሉ? ያኔ የቸኮሉትን አሁን ደግሞ ፈትተው ይንገሩኝ።"

"እሺ" አለ ሀሰኖ። "የሲቪል ዕቃ ነው፤ የመንገድ ካምፕ። አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው፤ በዚያ መስመር ላይ የነበሩት ደግሞ እኚህ ሰውዬና ጓደኞቻቸው ናቸው። አባትሽ በእግሩ ሄዶ ለማንም ምንም አልተናገረም ብዬ ልምልልሽ አልችልም፤ ሰውየውን አላውቀውም። ወሬው ግን የተነሣው ከሣጥኑ ነው። ሣጥኑ ደግሞ ንጹሕ ነው፤ ወላሂ።"

"ይበቃኛል" አለች። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ለዋቆ ደወለች፤ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፈተችው።

ዋቆ ነገሩን እንኳ አላስጨረሳትም። "ደግሞ ሽማግሌ ተገኘልሽ? ትናንት ባለሙያ፣ ዛሬ ሽማግሌ፣ ነገ ጳጳስ ታመጫለሽ። ሊቤ፣ አባባን የሚያጥብልሽ ሰው ስትፈልጊ ልትሞቺ ነው። አታድክሚኝ!"

ጋሽ ፈቀደ እጃቸውን ዘረጉ፣ ስልኩን ተቀበሉ። ጆሯቸው ላይ አላደረጉትም፤ እንደ ማይክ ወደ አፋቸው አቅርበው፣ በአውራ ጣታቸው ጎኑን ጫን አድርገው ያዙት።

"ሰላም ነው ልጄ። እኔ ማዕከል ነኝ። አባትህ ሰባት ነበር።"

ከወዲያ በኩል የመኪና ሞተር ብቻ ይሰማል። ከዚያ ሞተሩ ጠፋ። "በየቀኑ ነበር የምትሰሙት?" አለ ዋቆ፤ ድምፁ ገና አልለዘበም።

"በየቀኑ። በእሑድም፣ በበዓልም። አንድ ቀን ብቻ ቀርቷል። ጠራነው፣ ዝም፤ ደግመን ጠራነው፣ ዝም። በማግሥቱ እንደ ልማዱ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ግን ቶሎ አልተናገረም። 'ሰባት፣ ምን ሆነሃል?' አልኩት። 'ይቅርታ ማዕከል፣ ትናንት ልጄን በድንጋይ ፈንክተውት ሐኪም ቤት ተሸክሜው ሄጄ ነበር' አለኝ። በመስመሩ ላይ የነበሩት ሁሉ አዘኑለት። አለቃችን ማይኩን ተቀበለኝና፣ 'የፈነከቱትን ስማቸውን ስጠን፣ ለፖሊስ እናስተላልፍልህ' አለው።"

"እሺ?"

"'ልጆች ናቸው፣ የጎረቤት ልጆች። ዘመኑን ታውቁታላችሁ። ስማቸውን አልናገርም' አለ። አለቃችን ተቆጣ። ሰባት ግን 'ዛሬ ዝናብ የለም፣ መንገዱ ክፍት ነው' አለና ዘጋ።"

ዋቆ ሳይሰናበት ስልኩን ዘጋው።

"ተቆጣ?" አሉ ጋሽ ፈቀደ ስልኩን እየመለሱ።

"እንጃ" አለች ሊቤ። ዓይኗን ትጠርጋለች። "የሁልጊዜ ቁጣው እንዲህ ፈጥኖ አያልቅለትም ነበር።"

እሑድ ሊቤ ሱሉልታ ደጅ ተቀምጣ አይሱዙውን ብትጠብቅ፣ ብትጠብቅ ቀረ። አይሱዙው የቆመው ሰበታ፣ ከሀሰኖ ሱቅ ፊት፣ የባጃጆቹን መንገድ ዘግቶ ነው። ባጃጆቹ ጡሩምባቸውን ሲያንባርቁበት፣ ከመኪናው የወረደው ግዙፍ ሰው ዘወር ብሎም አላያቸው።

"ሀሰኖ የምትባለው አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ።"

"ዋቆ ነኝ።" ሲቀመጥባት የደንበኛ ወንበሯ ከሥሩ ጮኸች። "እሱ ነው?"

"እሱ ነው።"

ሀሰኖ ሌሊቱንም አልጣደፈም፣ ጠዋትም አልጣደፈም። ኮንደንሰር የሚባሉትን ያረጁ ክፍሎች ቀይሮ፣ የመኪና አምፖል መሀል አስገብቶ ባትሪ አሳይቶት ነበር፤ አምፖሉ ፈዝዞ ቀርቷል። አሁን አምፖሉን አንሥቶ በቀጥታ ሊያገናኘው ነው። የዋቆ እጅ ወደ ሣጥኑ ጫፍ ሄዶ ቆመ፣ ተመለሰ።

"ያወራል?"

"ያወራ ይሆናል። እሱን አልሞክረውም፤ አየር ላይ ማውራት ፈቃድ ይጠይቃል። መስማት ግን ይሰማል።"

"አብራው።"

ሀሰኖ ማብሪያውን ጫነው። ለጥቂት ጊዜ ምንም የለም። ዋቆ ቅንድቡን ሰበሰበ፤ ሀሰኖ በእጁ ታገሥ አለው። ቫልቮቹ አንድ በአንድ፣ ከሆዳቸው ጀምረው ቀሉ። ከዚያ ከድምፅ ማጉያው ሽሽ የሚል ድምፅ ተነሣ፤ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ካፊያ ያለ፣ አንዴ ሞላ፣ አንዴ ጎደል የሚል።

"ማን አለ?" አለ ዋቆ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ማንም። መስመሩ ከተተወ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ባዶ አየር ነው የምትሰማው።"

ዋቆ ጎንበስ ብሎ አዳመጠ። ራያ ሻይ ይዛ መጥታ አጠገቡ አስቀመጠችለት፤ አላየውም። ውጭ የባጃጆቹ ጡሩምባ ባሰበት፤ አንድ ትራፊክም መጥቶ የአይሱዙውን በር ማንኳኳት ጀመረ። ሀሰኖ እጁን ወደ ማጥፊያው ሰደደ።

"ልዝጋው? ለመኪናህ እየፈለጉህ ነው።"

"ቆይ" አለ ዋቆ። "ትንሽ ይቆይ።"